የተጨመሩት ሦስት ዓመታት

ልጅ ሳለሁ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት፣ ሲመሻሽ እኔና ታላቅ እህቴ ጽጌ በሩ ጥግ ወዳለችው የዘበኛ ቤት እንሮጥ ነበር። የግቢያችን ዘበኛ ጋሽ ለሚ ከሰል አያይዘው በቆሎ ይጠብሳሉ፤ መብራት ከጠፋም ኩራዝ ይለኩሳሉ፤ እኛ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ተረት እንጠብቃለን። ተረታቸው ደግሞ ሁልጊዜ ያው አንድ ነው፦ ለእርሻ የቸኮለ ገበሬ ጥጃውን «በሬ ነው» ብሎ ጎረቤቱን ያሳምንና ይጠምደዋል። «ከዚያስ?» ስንላቸው «ከዚያማ ጠመደው። በሉ በቆሏችሁን ብሉ» ይሉናል። ያኔ በዚህ በጣም እንናደድ ነበር።

ሌላ ጨዋታም ነበረን። የብረቱን በር ባለ በሌለ ኃይላችን እናላትመዋለን፤ ጋሽ ለሚ በቆሎውን ወርውረው በደረታቸው መሬት ላይ ይለጠፋሉ፤ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። አንድ ምሽት ግን ከወደቁበት ሳይነሱ ቆዩ። ደግፈን አንስተን አቧራቸውን አራገፍንላቸው። ያን ዕለት ጥጃውን ትተው የራሳቸውን ነገሩን።

ያደጉት ዛሬ ኮንዶሚኒየም በሞላበት በቦሌ አራብሳ በኩል፣ ከገበሬ ቤት ነው። አባታቸው ልጃቸው ፊደል እንዲቆጥር ቸኩለው ትምህርት ቤት ወሰዷቸው። ያኔ ዕድሜ የሚለካው በጆሮ ነው፤ ቀኝ እጅ በአናት ዞሮ የግራ ጆሮን ከነካ ልጁ ደርሷል። የሳቸው አልነካም። አባት ቀበሌ ሄደው ሦስት ዓመት አስጨመሩ፣ በጣታቸው ፈረሙ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ማኅተም ያየ አስተማሪ ምን ይላል? ዓመታት አለፉና ቀበሌው ለጦርነት አሥራ ስምንት የሞላቸውን ሲፈልግ፣ ጋሽ ለሚ በወረቀቱ አሥራ ስምንት፣ በእናታቸው ቆጠራ አሥራ አምስት ነበሩ። አባት እያለቀሱ «ልጅ ነው» ቢሉ የገዛ አሻራቸውን አሳዩአቸው።

«በሰጡኝ ጫማ ውስጥ እግሬ ይዋኝ ነበር» አሉን፤ ከዚያ በላይ አልነገሩንም። ጽጌ አለቀሰች። በሩን ዳግመኛ አላላተምነውም። ዛሬ ሳሰላው፣ «እርስዎ» የምንላቸው እኚያ ሽማግሌ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

እኔ አሁን በአንድ ወረዳ ልደት መዝጋቢ ነኝ፤ ታክቶኛልም። አንዱ ልጁን ለኳስ ቀንሺልኝ ይላል፤ ሌላዋ ልጇን ለአረብ አገር ጨምሪልኝ ትላለች። የልጅ ዕድሜ እንደ ሾላ ገበያ ሽንኩርት የሚከራከሩበት ይመስላቸዋል። የልጅ መብት የሚጀምረው በትክክለኛ ዕድሜው ከመመዝገብ ነው ስላቸው ይስቁብኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የመጣችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ጽጌ። የአምስት ዓመት ልጇን የናሆምን እጅ ይዛ።

«ሁለት ብቻ ጨምሪለትና አንደኛ ክፍል ይግባልኝ።»

«ጋሽ ለሚን ረሳሻቸው?»

«አንቺ ደግሞ! ያ ሌላ ዘመን ነው። ይሄ ወረቀት እኮ ነው።»

ደሜ ፈላ። ሌላ ዘመን ያለችው ስንቴ ተመልሶ እንደመጣ አብረን አይተናል። ወረቀት ነው ብለው የፈረሙት የጋሽ ለሚ አባትም ልጃቸውን ይወዱ ነበር። ናሆምን ቀኝ እጁን በአናቱ አዙሮ ጆሮውን እንዲነካ ጠየቅሁት። ጨዋታ መስሎት ደጋግሞ ሞከረ።

«አክስቴ፣ አልደረሰልኝም።»

«ይደርሳል፤ አትቸኩል» አልኩት።

የተወለደበትን ቀን እንዳለ ጽፌ፣ ማኅተሙን መትቼ ለእናቱ ሰጠኋት። ተኮሳትራ ወጣች፤ እስከ ዛሬ ስልኬን አታነሳም። አታንሳ። ያኔ ጋሽ ለሚን «ከዚያስ?» እያልን ስንነዘንዛቸው፣ የተረቱ መጨረሻ እፊታችን ቁጭ ብሎ በቆሎ ይጠብስልን ነበር።