ከአራስ አልጋ ሥር የሄዱ መጻሕፍት

አደጋው የገባኝ ፈረንጁ የመጻሕፍቱን ክብደት የጠየቀ ዕለት ነው። ለባሌ ምሳ ይዤ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ፈረንጁ ወፍራሙን የብራና መጽሐፍ በሁለት እጁ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠና በአስተርጓሚው በኩል፣ «አንድ በቅሎ ስንቱን ትችላለች?» አለ። እኔ ፊደል ሳልጨርስ የተዳርኩ ሴት ነኝ፤ ግን ሊያነብ የመጣ ሰው በቅሎ ምን ያደርግለታል? 

ባሌ ገበዝ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት፣ መጻሕፍቱም ጭምር፣ በእጁ ናቸው። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፤ እዚህ በማስጽፈው ወረቀት ላይ ግን ባሌ ነው። ጣሊያን ደብረ ታቦር ሳይገባ ሥራው ቁልፍ ታጥቆ መቆጣት ነበር። ዲያቆን አንድ ቅጠል ቢገልጥ ይጮኽበታል፤ የቅኔ ተማሪ ልይ ብሎ ቢለምን፣ «ከሩቅ እይ፣ ዓይን አለህ» ይለዋል። መጽሐፍ የሚወጣው ለበዓል ነው፤ ከዚያ በተረፈ በማኅደሩ እንዳለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። የሚገልጠው አይጥ ነው።

የመጻሕፍት ተመራማሪ ነኝ የሚለው ፈረንጅ ሲመጣ ባሌ ተለወጠብኝ። መጀመሪያ በግድ ከፈተለት፤ ወታደር አስከትሎ ነው የመጣውና። ኋላ ግን ጣመው። ፈረንጁ ስለ አንድ ንጉሥ ሲጠይቅ ባሌ ቦታውን ፈልጎ ያወጣለታል፣ የደበዘዘውን ያነብለታል፣ እኛ ዘንድ የሌለው መጽሐፍ በየትኛው ደብር እንዳለ ይነግረዋል። ቤት ሲገባም፣ «ዛሬ ደኅና ነገር ጠየቀኝ» ይለኛል። እኔ በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን አንድም ደኅና ነገር አልጠየቅኩት መሰለኝ።

የመጻሕፍቱን ክብደት በጠየቀ ማግስት ገበያ ወጣሁ። ደንበኛዬ የሆነች ሙስሊም ጨው ሻጭ ጠጋ አለችኝ።

«እታለም፣ ባልሽ ለጣሊያን ድግስ ደግሰዋል አሉ።»

«የምን ድግስ?»

«የመጽሐፍ ነዋ። አርበኞቹ ሰምተዋል። መጻሕፍቱ ከአገር ከወጡ የገበዙን አንገት እንቆርጣለን እያሉ ነው።»

«አልሰጥም ቢልስ ጣሊያን አይሰቅለውም?»

«እሱን ምን አውቄ? እኔ የምሸጠው ጨው ነው።»

ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። «ፈረንጁ ሰኞ በቅሎ ይዞ ይመጣል፤ አጥንቶ ይመልሳቸዋል» አለኝ።

«ጅብም አህያ ላስታም ብሎ ነው የሚወስድ» አልኩት።

ተነሥቶ የተዘጋውን በር እንደገና ዘጋ። ያኔ እሱም እንደፈራ አወቅሁ።

ልጄ ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ነበረች። በእኛ ዘንድ ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሣ አራስ ቤት የገባ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ካህንማ ደጃፉንም አያልፍ። «ታማለች ብለን ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ በቃሬዛ እናውርዳት። መጻሕፍቱ ከሥሯ ይተኙ» አልኩ።

«ከአራስ ሥር? አንቺ ሴት፣ ምን ያናግርሻል?»

«እመቤታችንስ በበረት አራስ አልነበረችም? አምላክን ከጎኗ አስተኝታ? አንቱ ንጹሕ ሆነው ከሚሰቀሉ መጻሕፍቱ ትንሽ ቢቆሽሹ ይሻላል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጻሕፍቱን አመጣቸው። ወደ አራሷ ቤት አልገባም ብሎ ከውጭ ቆሞ፣ እያንዳንዱን እየሳመ፣ በአጥር ላይ እንደ ማገዶ አቀበለኝ። ከዚያ እንደ በሽተኛ ተከናንቦ ብቻውን ቀድሞን ሄደ።

መጻሕፍቱን ከልጄ ሥር ደርድረን አማቼና ወንድሞቹ ቃሬዛውን ተሸከሙ፤ ሕፃኗን እኔ አዘልኩ። ከከተማው መውጫ አንድ ባንዳ፣ ከእኛው አገር የሆነ፣ አስቆመን።

«ምነው እንዲህ ከበደች?» አለ የተሸካሚዎቹን ላብ እያየ።

«አራስ ናት። ገንፎ አበዛንላት» አልኩት።

ልጄ አቃሰተች። ማስመሰል አልነበረም፤ የወፍራሙ መጽሐፍ የእንጨት ሽፋን ወገቧን እየወጋት ነው። ባንዳው እጁን ወደ ብርድ ልብሱ ሰደደ። አፌ ቀደመው።

«ንካት ልጄ። ሕፃኗ ክርስትና አልተነሣችም። የንስሐ አባትህ የሚሉህን አንተ ታውቃለህ።»

አገሩን ሲሸጥ ያልፈራ ሰው አራስ መንካት ፈራ። እጁን መለሰና፣ ገና ሳይነካት፣ በሱሪው ጠረገው። «እለፉ» አለ።

መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አደርን። በነጋታው፣ ፈረንጁ በቅሎዎቹን ይዞ ባዶ ግድግዳ ሲያይ ይመስለኛል፣ ወንዛዬን አልፈን ወንድሜ ወዳለበት ቆላ ወረድን፤ ባሌ ቀድሞን ደርሷል። እዚያ ጣሊያን አይደፍርም፤ አርበኞቹም የወንድሜ ወዳጆች ናቸው። አለቃቸው ብርድ ልብሱን ገልጦ መጻሕፍቱን አየና ለባሌ እጅ ነሣ። ስለ አንገት ያነሣ አልነበረም። ባሌ ግን ጠበል ሳይረጭባቸው አልነካም ብሎ ከአገሬው ቄስ ጋር ክርክር ገጥሟል።

ይከራከር። እኔ ወንድሜ ደጅ ተቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። ልጄ ተኝታለች፣ ሕፃኗ ትጠባለች፣ ባሌን ሊሰቅለው የሚፈልግ በአካባቢው የለም። ድነናል።