ቀጥ ብላ የሄደች ሩር

ይህ የሆነው የዛሬ ስድስት ዓመት በገና ዕለት፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ በሚገኝ መስክ ላይ ነው። በዘጋቢነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። የመኪና መገልበጥ፣ የጎርፍና የእሳት ቃጠሎ ዜና ጽፌያለሁ። በሁሉም ላይ ግን እኔ ጠያቂ ነበርኩ። በዚህኛው ጉዳቱን ያደረስኩት ራሴ ነኝ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩትም፣ ከሐሳቤ ያልወጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

የገና ጨዋታ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ጎበዝ ሆኜ አላውቅም። የእኛ አገር ሩር ከወይራ ሥር የምትጠረብ፣ ከሎሚ ተለቅ የምትል ጠንካራ እንጨት ናት። እኔ የመታኋት ሩር ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጥ ብላ ሄዳ አታውቅም። ከዱላዬ ስትነሳ ወደ ፊት ታቀናለች፤ ጥቂት ሄዳ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። አገሩ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ሰይድ ነበር። ሰይድ አብሮ አደጌ ነው። መካነ ሰላም ገበያ ዳር ልብስ ይሰፋል። ሙስሊም ቢሆንም የገና ጨዋታ አምልጦት አያውቅም። አይጫወትም፤ የሚመጣው በእኔ ሊስቅ ነው። እኔ ዱላ ሳነሳ ሌላው ተመልካች ወደ ዳር ይሸሻል። እሱ ግን እጁን አጣምሮ ፊት ለፊቴ ይቆማል።

«ወደ ደጎሎ ከተማ ብሎ መትቶ አቀስታ ከተማ የሚያስገባት እሱ ብቻ ነው!» እያለ ይጮሃል። «ኑ እዚህ ቁሙ! ወላሂ ከጋዜጠኛው ፊት ለፊት የተሻለ መጠለያ የለም!»

ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሆኖም አርባ ዓመት ካለፈኝም በኋላ ውስጥ ውስጡን ያናድደኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በምኖርበት አዲስ አበባ ስለ አንድ የጎልፍ ውድድር እንድዘግብ ተላክሁ። በእረፍት ሰዓት ተጫዋቾችን ከሚያለማምድ አንድ ጎልማሳ ጋር ተቀምጬ ስለ ሩሬ አጫወትኩት።

«ወደ ቀኝ ትታጠፋለች?» ብሎ ሳቀ። «እሱማ የሁሉም ሰው በሽታ ነው። እኛ ስላይስ እንለዋለን። ማስተካከያ ተብሎ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ውድ ነው። አንተ ግን ፎጣና ባዶ ሃይላንድ ካለህ ይበቃሃል።»

ከዚያ ቆሞ አሳየኝ። የታጠፈ የእጅ ፎጣ በቀኝ ብብትህ ሥር ትይዛለህ፤ ኳሷን ሳትመታ ከወደቀ ክንድህ ከሰውነትህ ርቋል ማለት ነው። ባዶውን ሃይላንድ ከኳሷ ወዲያ ማዶ ታቆማለህ፤ ዱላህ ሃይላንዱን ከነካ ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆረጥክ ነው። ቀጥ ያለ ዘንግ መሬት ላይ አስተኝተህ እግርህን በእሱ ልክ ታስተካክላለህ። ይኸው ነው።

ከአገር ቤት ያመጣኋት የገና ዱላ ቤቴ ነበረች። ከቤቴ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ላይ በየማለዳው ግማሽ ሰዓት ተለማመድኩ። ከሃያ ምት ስንቱ ቀጥ እንዳለ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። መጀመሪያ ሳምንት ሁለት ነበር። ገና ሲቃረብ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ደረሰ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለሰይድ በየሳምንቱ እደውልለት ነበር፤ ለእሱም አልነገርኩትም። ሳላስበው የቀረ አይደለም። መስኩ ላይ ሲያየው ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነው።

በገና ዕለት ጨዋታው የተጀመረው ረፋድ ላይ ነው። ብርድ ነበር፤ ገብሱ ታጭዶ መስኩ ዙሪያውን ገላጣ ሆኗል። ዳኛው አያ ደምሴ ነበሩ፤ በአካባቢው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሩሯ ከመስመር ወጥታ ነበርና መልሼ እንድመታት ለእኔ ሰጡኝ።

«የጋዜጠኛው ተራ ነው!» ብለው ጮኹ። «በቀኝ በኩል ያላችሁ ዞር በሉ!»

በቀኝ በኩል የነበሩት ተነሡ። ሰይድ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ እጁን አጣምሮ ከፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ።

«አያ ደምሴ፣ እኔ መጠለያዬ ገብቻለሁ! ለእኔ እንዳያስቡ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አየሁት። እዚያ መቆሙን አይቻለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት እሱም ለእኔ እንደ ሁልጊዜው ሰይድ ነበር፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ ምንም የማይደርስበት ሰው። ሩሯ እንደምትስተካከል ለሁለት ወር ተኩል ሳስብ፣ ስትስተካከል ማን ላይ እንደምትሄድ አንድም ቀን አላሰብኩም።

መታኋት። እጄ ላይ ምንም ንዝረት አልተሰማኝም፤ በደንብ የተመታች ሩር እንዲህ ናት። ቀጥ ብላ፣ ከደረት ከፍ ብላ ሄደች። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ እውነቱ ግን ሰይድ ፊት ላይ ስታርፍ ድምፁን ከሰማሁ በኋላም ደስታው ወዲያው አልጠፋም።

ሰይድ እጁን እንኳ አላነሳም ነበር። በጉልበቱ ወደቀ፤ ከዚያ በመዳፉ ግራ ዓይኑን ያዘ። በጣቶቹ መካከል የሚወርደው ደም ብቻ አልነበረም።

መካነ ሰላም ያሉት ሐኪሞች ዓይኑን ሸፍነው በፍጥነት ደሴ እንዲደርስ ጻፉልን። በዓል ስለነበር መኪና ማግኘት ከባድ ነበር። አንድ የሰይድ ጎረቤት ሚኒባሱን አስነሥቶ ሰይድን፣ ባለቤቱን ዘይነባንና እኔን ይዞ ወጣ። መንገዱ ያንገጫግጭ ነበር። ሰይድ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥርሱን ይነክሳል እንጂ አይጮህም።

አቀስታን ካለፍን በኋላ በደህናው ዓይኑ አየኝ።

«ምን ነካት ዛሬ?» አለኝ። «ሁልጊዜ ትታጠፍ አልነበር?»

«እንጃ» አልኩት።

«አብሽር» አለ። «ከአላህ የመጣ ቀደር ነው። አንተ ምን ታደርግ?»

ዘይነባም እያለቀሰች «እውነቱን ነው፣ በገና ጨዋታ ማን ይወቀሳል?» አለች።

ደሴ ስንደርስ መሸት ብሎ ነበር። በማግስቱ የዓይን ሐኪሟ ዓይኑ መፈንዳቱን፣ ማየት እንደማይችልና እዚያው ቢቆይ ደህናውንም ዓይን ሊጎዳ እንደሚችል አስረዳችን። ሰይድ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ «በአንዱ መስፋት እችላለሁ?» አላት። «ትለምደዋለህ» አለችው። ፈረመ። ዓይኑ ወጣ።

ወደ መካነ ሰላም ስንመለስ አያ ደምሴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሰይድ ቤት መጡ። በአገራችን ልማድ በገና የተመታ ቂም አይዝም፤ የመታም አይከሰስም። ይህንኑ ተናገሩ። ሰይድ ተነሥቶ አቀፈኝ። «በእኛ መካከል ምንም የለም» አለ። ሁሉም መረቁን። እኔም አሜን አልኩ። ፎጣውን፣ ሃይላንዱንና ደብተሩን የሚያውቅ በዚያ ቤት ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ብቻዬን ወደ መስኩ ሄጄ፣ እኔ ከመታሁበት እሱ እስከ ቆመበት ያለውን ርቀት ለካሁ። ሃያ ስድስት እርምጃ ነው። ለምን እንደለካሁት አላውቅም፤ ምናልባት የሥራ ልማድ ይሆናል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሰይድ የሚሰፋበት ሱቅ ገባሁ። መርፌ ላይ ክር እያስገባ ነበር። ክሩ በቀዳዳው በስተግራ ያልፋል፤ ይመልሰዋል፤ በስተቀኝ ያልፋል። ቆሜ ቆጠርኩ። በዘጠነኛው ገባለት። ግድግዳው ላይ ቀድሞ ይሰቀሉ የነበሩት ኮትና የሙሽራ ልብስ የሉም። አሁን የሚሰፋው ጆንያና የተቀደደ ሱሪ ነው።

እውነት መነገር አለበት ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ የጎልፉን ሰውዬ፣ ልምምዱን፣ በየሳምንቱ እየደወልኩ መደበቄን፣ መኪና ውስጥ «እንጃ» ማለቴን።

እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሣ።

«አንድ ቃል» አለ። «‹ሰይድ፣ ዘንድሮ ፊት ለፊቴ አትቁም› ብትለኝ ምን ትሆን ነበር?»

ጆንያውን ወደ ጎን አስቀመጠ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ከአላህ ነው ብዬ ሰብር አድርጌ፣ ችዬ ተቀምጬ ነበር። ዛሬ መጥተህ ከእኔ ነው አልከኝ። ከአንተ ለመጣው ሰብሩን ከየት ላምጣ?»

አልሰደበኝም፤ ውጣም አላለኝም። ጆንያውን አንሥቶ መስፋቱን ቀጠለ።

ዛሬም ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፤ ስለ ቤተሰቤም ይጠይቀኛል። መሳለቅ ግን ትቷል። እኔ ከነገርኩት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይወስደኛል። እሱ ሌሊት ተነሥቶ እንደሚቀመጥ ዘይነባ ነግራኛለች። ያን ቀን ወደ ሱቁ ስገባ የምሄደው ለእሱ ስል ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ ብዬ መጻፍ አልችልም። ሸክሜን ከራሴ ላይ አውርጄ እሱ ላይ ጫንኩት፤ ያደረግኩት ይህንን ነው።