ሳይታይ የተሸፈነው ቦይ

ባሌ ሙነወር ቦይ ውስጥ ገብቶ የሚቆም ሰው ነበር። ሥራው ይኸው ነው። ከውጫሌ በላይ ባለው የጦር ካምፕ ግቢ ውስጥ ማንም መጥቶ የስልክም ሆነ የኢንተርኔት ገመድ ልቅበር ቢል፣ መጀመሪያ የካምፑ አዛዥ ሻለቃው ይፈቅዳል፤ ቀጥሎ ሙነወር ቁፋሮውን ያያል። እሱ አይቶ ካልፈረመ አፈር አይመለስም። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ይገባበታል። ቦዩ ወገቡ ጋ ከደረሰ ደህና፣ ካልደረሰ "ጨምሩ!" ነው። ቆፋሪዎቹ "መቃብሩን የሚለካው ሰውዬ" እያሉ ይቀልዱበታል። እኔ ደግሞ "ጂዳ የሰው ልብስ ሳጥብ ኖሬ፣ አገሬ ገብቼም ያንተን ጭቃ ሳጥብ ልሙት?" እያልኩ እጨቃጨቀው ነበር።

የተወለደው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። እናቱ በወለደችው ሳምንት ሞተች፣ አላህ ይርሐማት። ጎረቤታቸው እማ ዙለይሃ በአንድ ጡታቸው የራሳቸውን ልጅ አብዱልሰመድን፣ በሌላው ሙነወርን ይዘው አሳደጉ። በእኛ ዘንድ የጡት ወንድም ወንድም ነው፤ ቀልድ የለውም። የእማ ዙለይሃን ልጅ ሰሚሃን እንኳ ማግባት አይችልም፣ እህቱ ናትና። ሰሚሃ ደግሞ፣ ሐቁን ልናገርና፣ ዓይን የምታፈዝ ልጅ ናት። ያ ጡት ባይኖር እኔ ዛሬ ሌላ ቤት ነበርኩ።

ካደገ በኋላ ወታደር ሆነ፣ የሬድዮ ሰው። ሲሰናበት እዚያው ካምፕ በሲቪል ቀጠሩት። መሬት የለው፣ ከብት የለው፤ ያለችው ስሙ ናት። "ሙነወር አይቶታል" ከተባለ ነገር አለቀ ማለት ነው። እኔም ብጨቃጨቅ ብነዛነዝ፣ በዚያች ስሙ ገበያ መሐል ቀና ብዬ እሄድ ነበር።

ባለፈው በጋ ከካምፑ እስከ ተራራው አንቴና አዲስ ገመድ እንዲዘረጋ ተወሰነ። ቁፋሮውን በኮንትራት የያዘው አብዱልሰመድ ነው። ከሐይቅ ከተማ ሠራተኛ አምጥቶ ቆፈረ፣ ቆፈረና አጥሩ ሥር ሲደርስ ድንጋይ ገጠመው። እዚያ ጋ ሀሚዱ የሚባል ገበሬ ካምፑ ፈቅዶለት የሚያርሳት ቁራጭ መሬት አለች። የአምባሰል ድንጋይ ደግሞ ዶማ ይበላል። ሙነወር አርብ ዕለት ሊያይ ሲሄድ ቦዩ ተሸፍኖ፣ አፈሩ ተደልድሎ ጠበቀው።

"ማን ሸፍን አለህ? ክፈተው!" አለው።

"ወንድሜ፣ ጁምዓ ደርሷል እኮ! ወላሂ ወገብ ይገባል። የአንድ እናት ጡት ጠብተን አንተን ልዋሽ? አብሽር!"

ሙነወር እኮ ከአዲስ አበባ የመጡ መሐንዲሶችን በዝናብ አቁሞ ቦይ ያስከፈተ ሰው ነው። ግን በጡት ወንድም አፍ ወላሂ ከተባለ በኋላ ዶማ አምጣ ማለት፣ አንተ ውሸታም ነህ ማለት ሆነበት። ፈረመ። ያን ቀን ሱሪው ንጹሕ ሆኖ ገባ።

"ምነው፣ ዛሬ ቦይ አልገባህም እንዴ?" ስለው፣ "አብዱልሰመድ ነው የሠራው፣ ምኑን እገባለሁ?" አለኝ። "ሰውን ማመን ቀብሮ ነው" ብዬ ተረትኩበት። ሁለታችንም ሳቅን።

ክረምት ገባ። ሀሚዱ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው ዳር ሲደርስ ማረሻው ገመዱን መንግሎ አወጣው። የካምፑ ስልክ ድርግም አለ። ወታደሮች መጥተው ሀሚዱን "ሆን ብለህ ነው የቆረጥከው፣ ማን ላከህ?" ብለው ወሰዱት። ሚስቱ መስኡዳ እየጮኸች እኛ ቤት መጣች። "ሙነወር፣ አንተ ታውቀዋለህ! ሀሚዱ ከበሬው ጅራት ሌላ ምን ያውቃል?"

ሙነወር ሄዶ አየው። ማረሻ ወገብ ድረስ አይገባ ነገር! ገመዱ የተኛው ከቁርጭምጭሚት እምብዛም ሳይርቅ ነው። ከዚያ በቀጥታ አብዱልሰመድ ዘንድ ሄዶ፣ "ነገ ሻለቃው ቦታው ድረስ ይመጣል፤ አብረን ቆመን እውነቱን እንናገር፣ ሰውዬው ይፈታ" አለው። አብዱልሰመድ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"የፈረምከው አንተ አይደለህ እንዴ?"

ኧረ ዲያ! ቤት ገብቶ ይህን ሲነግረኝ ደሜ ፈላ። "አማና በላተኛ! ነገ ወላሂ ብሎ እንደማለልህ ለሻለቃው ትናገራለህ!" አልኩት። "እናገራለሁ" አለ። ቁርጥ አድርጎ ነው ያለው።

ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሰላት እንዳለቀ እማ ዙለይሃ መጡ። አልተቀመጡም። ሙነወር ፊት ቆመው ቀሚሳቸውን ከፈቱና ያን የደረቀ ጡታቸውን አወጡት።

"ባጠባሁህ!" አሉት። "የአብዱልሰመድን ስም አታንሳ! ፈቃዱን ይነጥቁታል፣ ያስሩታል። አንተን ያውቁሃል፣ የነሱ ሰው ነህ፣ አይጨክኑብህም። ሳላይ ፈረምኩ በል። ሀሚዱም ይፈታል። እምቢ ካልክ ይህ ጡት ይፋረድህ!"

እኔ መቻል አቃተኝ። "እማ፣ እሱስ የእርስዎ ልጅ አይደለም? ያለችውን አንዲት ስም እንዴት ስጥ ይሉታል?"

"አንቺ ዝም በይ! አጥብተሽዋል?" አሉኝ።

ሙነወር ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። "ሸፍኚው እማ" አላቸው። "እሺ፣ አላነሳውም።" ያን ጊዜ እሳቸውን ብቻ ሳይሆን እሱንም ጠላሁት። እናት የሌለው ሰው ለእናት ቃል እንዲህ ይሳሳል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሻለቃው ከሰዎቹ ጋር አጥሩ ሥር መጣ። ሀሚዱን ይዘውት መጡ፤ ዓይኑ ገብቷል። አብዱልሰመድም የቁፋሮው ባለቤት ነውና ተጠርቶ ቆሟል። እማ ዙለይሃ፣ መስኡዳና እኔ ከአጥሩ ወዲህ ቆመናል፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። የተከፈተውን ቦይ ሻለቃው አየና፣ "ሙነወር፣ ይህን አንተ ነህ ያጸደቅኸው?" አለው።

"እኔ ነኝ ጌታዬ።"

"ገብተህበታል?"

"አልገባሁበትም። ሳላይ ነው የፈረምኩት። ሀሚዱ ጥፋት የለበትም፤ ማንም ቢያርሰው ይነቀል ነበር።"

"ጥልቀቱ ደህና ነው ብሎ የነገረህ ሰው አለ?"

"ማንም የለም" አለ።

ሻለቃው ሰማይ ምድሩ የዞረበት መሰለ፤ ይወደው ነበር። ሀሚዱን "ፍቱት" አለ። መስኡዳ እልልታዋን ለቀቀችው። ለሙነወር ደግሞ "መታወቂያህን አስረክብ፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ አትገባም" አለው። እስከዚህ የመጣው ሁሉ እሱ የተቀበለው ነው፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ሻለቃው ለመሄድ ዞር ሲል አብዱልሰመድን አየው። "አንተስ የምትለው አለህ?"

የለኝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ማንም ስሙን አላነሳ፣ ማንም ጣት አልቀሰረበት። እሱ ግን ወንድሙን ከራስ እስከ እግሩ አየና፣ "ወላሂ ጌታዬ፣ እኔማ 'ከፍተህ እይ' ብዬው ነበር፣ እሱ ነው ጁምዓ ደረሰ ብሎ የቸኮለው" አለ።

ሙነወር መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ለአንዱ ወታደር ሰጠና ወደ እኛ መጣ። የካምፑ ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔ እያለቀስኩ ነው፣ አልደብቅም። እማ ዙለይሃ ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል።

"አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! ልጄ ተረፈልኝ!" ይላሉ።

ሙነወር አጠገባቸው ደርሶ ቆመ።

"አዎ፣ ልጅሽ ተርፏል" አላቸውና አልፏቸው ሄደ።