ከለላው የተወተፈ መጋዝ

ሊቀመንበራችን መዳፉ ላይ እንትፍ ሳይል ሥራ አይጀምርም ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በብረታ ብረት ተደራጁ ተብለን ማኅበር ስናቋቁም አምስት ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። በዕድሜ ስለሚበልጠንና ቀድሞም በርና መስኮት ይበይድ ስለነበር ያለ ክርክር መረጥነው። ጋሼ እለው ነበር። ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ዛሬ ሳስታውሰው የሚያቅለሸልሸኝ ግን የእሱ ምራቅ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ዝምታ ጭምር ነው።

በባትሪ የሚሠራውን ክብ መጋዝ ያመጣለት ውጭ አገር የሚኖር ዘመዱ ነው። ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። ገጠር ስንሄድ መብራት የለም፣ ጀነሬተርም በአህያ አይጫንም። ከመጋዙ ጋር ሁለት ዲስኮ፣ ማለትም ክብ መቁረጫ፣ መጣ፤ አንደኛው ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ፣ የእንጨት፤ ሌላው ጥርሱ ደቃቅና የተጠጋጋ፣ የብረት። ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ብረት በብረት ዲስኮ ብቻ ይቆረጥ፣ መነጽር ይደረግ፣ ዲስኮ ሲቀየር አስቀድሞ ባትሪው ይውጣ ይላል። ለሊቀመንበሩ ስነግረው፣ ወረቀት ሥራ ለማያውቅ ሰው ነው የሚጻፈው ብሎ ሳቀብኝ። የብረቱን ዲስኮ ለትልቅ ሥራ ይቆይ ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ቆለፈበትና ብረቱን በእንጨቱ ዲስኮ ይፈጨው ጀመር። መጋዙ ያለቅሳል፤ የተቃጠለ ቀለም ሽታ ጉሮሮ ይይዛል።

ከሥር ጥርሱን የሚሸፍን ከለላ ነበረው። ሲቆርጥ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሲጨርስ ራሱ ተመልሶ ይከድናል። ሊቀመንበሩ መስመሩን ጋረደብኝ አለና ሽብልቅ ቅረጪልኝ አለኝ። ቀረጽኩለት። ሽብልቁን ወትፎ ከለላው እንዳይመለስ አደረገው። እጄ እያወቀ የሠራው ሥራ ነው።

ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ያለ ትምህርት ቤት አዲስ ክፍል ይሠራ ነበርና የመስኮቱን ፍሬም እኛ ያዝነው። ውስጠ ባዶውን የፍሬም ብረት፣ ቱቦላሬውን፣ በአህያ አስጭነን ወጣን። እዚያ ስንደርስ ብረቱን የሚነክስልን ሞርሳ ሱቅ ተረስቶ ቀርቷል። እኔ ተመልሼ ላምጣ አልኩ። ሊቀመንበሩ ሰው መች ጠፋ ብሎ ወደ ወላጆች ኮሚቴ ዞረ። ከኮሚቴው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ጥለው እኔ እይዛለሁ ብለው ቀረቡ። የልጅ ልጃቸው የሚማርበት ትምህርት ቤት ስለነበር ደስ ብሏቸው ነው የመጡት። የቱቦላሬውን ጫፍ አስያዛቸው። ያለችን አንዲት መነጽር እሱ ግንባር ላይ ነበረች፤ ዓይኑ ላይ እንኳን አላወረዳትም።

ሦስተኛውን ሲቆርጥ ብረቱ በሽማግሌው እጅ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ዲስኮው ነክሶ ያዘና መጋዙ ወደ ኋላ ዘለለ። ፍንጣሪ ተረጨ። ሽማግሌው ቱቦላሬውን ለቀው ዓይናቸውን ያዙ። የተወተፈው መጋዝ ጥርሱን እንዳገጠጠ ከሊቀመንበሩ ጉልበት አጠገብ እየዞረ ነበር።

ከዚያ ያደረገውን እስካሁን አልረሳሁትም። ግሪስ የጠረገበትን ጨርቅ ከኪሱ አወጣ፣ ጫፉን በምራቁ አራሰ፣ የሽማግሌውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ይጎረጉር ጀመር። እሳቸውም እንደ በግ ዝም ብለው ቆሙለት።  የተረጨችው የብረት ፍንጣሪ ከዓይናቸው ጥቁሩ ላይ ተሰክታ ትታየኛለች፤ እሱ ግን፦

«ወጥቷል አባባ፤ ምንም የለም» አለና ወደ መጋዙ ተመለሰ።

ጨርቁን ከእጁ ቀምቼ ጣልኩት። ሽማግሌውን እንዳያሹት ብዬ ለምኜ፣ ዓይናቸውን ሳልጫን በንጹሕ ነጠላ ሸፍኜ፣ ክንዳቸውን ይዤ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የሚናገሩት ስለ ሕመማቸው አልነበረም።

«ሥራ አስፈታኋችሁ ልጄ» ይላሉ። «እኔው ሳላውቅ ገብቼ ነው።»

እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ ልላቸው ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ያን ቀን ራሴንም ተጸየፍኩ።

ቡሬ የሐኪም ቤት ሰዎች አይተው ወደ ፍኖተ ሰላም ላኩን። እዚያ የመረመረቻቸው ባለሙያ ዓይናቸውን አደንዝዛ ብረቷን በመርፌ ጫፍ አወጣች። በቆሸሸ ጨርቅ የነካው ማን ነው ብላ ጠየቀች፤ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ቁስሉ በኋላ አመርቅዞ ብዙ ሳምንት አመላለሳቸው።

በሳምንቱ ኮሚቴው ጠራን። ሊቀመንበሩ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣና ሽማግሌው ራቁ ሲባሉ ያለ ጥሪ ገብተው እንደሆነ በለሰለሰ አንደበት አስረዳ። ሽማግሌውም ዓይናቸው እንደተሸፈነ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦

«ይቺም ምስክር ናት። አይደለም እንዴ?» አለ።

«አይደለም» አልኩ። «ራቁ ያላቸው የለም። ያስያዝካቸው አንተ ነህ። ዲስኮው የእንጨት ነው፤ ከለላውን የወተፈውን ሽብልቅ የቀረጽኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

 ከኮሚቴው አንድ ቄስ ለሽማግሌው ሰምተዋል ወይ አሏቸው። ሰምቻለሁ አሉ። ሊቀመንበሩ ያን ቀን ከእኔ ጋር ላይሠራ ማለ። እኔም ቀደምኩት፤ ከማኅበሩ ወጣሁ።

ሥራውን ግን ኮሚቴው ለእኔ ሰጠኝ። አንዲት ቴክኒክ ትምህርት ቤት አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ተመሳሳይ መጋዝ አዋሰችኝ። የብረት ዲስኮ ገጠምኩበት፣ ስገጥም ባትሪውን አውጥቼ። ከለላው ሲከፈትና ሲዘጋ ደጋግሜ አየሁ። ለጭቃ ከተከመረው ገለባ ራቅ ብዬ፣ ፍንጣሪው እሳት እንዳያስነሳ፣ ባዶ መሬት ላይ ሠራሁ። ቱቦላሬውን ሞርሳ ያዘው እንጂ ሰው አልያዘውም። መነጽርና የጆሮ መድፈኛ አደረግኩ፣ ነጠላዬን አውልቄ አስቀመጥኩ። በሁለት እጄ ይዤ ከመጋዙ ጎን ቆምኩ፤ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ጠብቄ ብረቱ ላይ ቀስ ብዬ አሳረፍኩት። እንደ ቅቤ አይቆርጥም፣ ግን አያለቅስም። ዲስኮው እስኪቆም ከእጄ አላወረድኩትም፤ የተቆረጠውንም ጫፍ ሳይበርድ ማንም እንዳይነካው ከለከልኩ። ይህን ሁሉ ሳደርግ የዘገየሁት ጥቂት ደቂቃ ነው። ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ነበር የሰው ዓይን የተከፈለው።

ሽማግሌው ዓይናቸው ተርፏል። ፀሐይ ሲመታው ያለቅሳል፤ ጤፍ ሲያርሙ አረሙን ከሰብሉ መለየት ይቸግራቸዋል ብላ ልጃቸው ነግራኛለች።

በሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ማኅበራት በተሸለሙበት ቀን አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ተጠርቶ ወጣ፤ ጭብጨባውም ደመቀለት። ካሜራ ፊት ቆሞ ስለ ሥራ ላይ ደኅንነት ጥንቃቄ ሲናገር አጠገቤ የነበረች ሴት አጨብጭቢ እንጂ ብላ በክርኗ ነካችኝ። እጄን ከጭኔ ላይ አላነሳሁም። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ውጭ ግድግዳውን ተደግፌ የበላሁትን አስመለስኩ።