አንቺ ዝም ብለሽ ፍሬን እርገጪ

መጀመሪያ አምስቱን ሽቦዎች ከመኪናዋ ሆድ ስር ስቦ አወጣና ጸጉር ሊጎነጉን ያሰበ ይመስል በጣቶቹ መሃል ለያያቸው። ቡናማው ለኋላ መብራት፣ ቢጫው ለግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው ለቀኝ፣ ቀዩ ለፍሬን፣ ነጩ ኔጋቲቭ። ከዚያ ፒንሳውን አነሳ። የእያንዳንዱን ሽቦ ጫፍ መዳቡን ሳያቆስል ገፈፈ። ከኋላዋ ከተቀጠለችው ተሳቢ በመጡት ሽቦዎች ጫፍ ላይ ጠመዘዘ፣ ሳብ ሳብ አድርጎ አየ፣ የመበየጃ ካውያውን አስጠግቶ ስታኞ አቀለጠበት፣ እፍ አለበት። በናስትሮ ከመጠቅለሉ በፊት እያንዳንዱን በመሞከሪያ አምፖሉ ነካ አደረገ። ናስትሮውን በጥርሱ ቆረጠ። መቀሱ የደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሲጨርስ መሪው ኋላ ለተቀመጠችው ታናሽ እህቱ ትእዛዝ ሰጠ።

«አንቺ ምንም እንዳትነኪ፣ ምንም እንዳትናገሪ። እርገጪ ስልሽ ፍሬን ትረግጫለሽ፣ ልቀቂ ስልሽ ትለቂያለሽ። በቃ።»

«መተንፈስስ?»

«ቀስ ብለሽ።»

ሰፈሩ ቴስተር ይለዋል። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሳይሞክር የሚያምነው ነገር ስለሌለ ነው። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሲገባ ከሰላምታው በፊት የመብራቱን ማብሪያ ማጥፊያ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። አምፖል ሲገዛ ጆሮው ላይ አድርጎ ይነቀንቃል፣ ከዚያ ባለሱቁን «ሰካው እስቲ» ይለዋል። ሚስቱ እንደምትለው ከሆነ፣ «እወድሃለሁ» ያለችው ቀን እንኳ «እስቲ ድገሚው» ብሏታል።

የዛሬው ሥራ ግን የቀልድ አልነበረም። እህቱ ዳቦ ጋጋሪ ናት። እስካሁን በሰው ዳቦ ቤት፣ በሰው ምድጃ ፊት ስትጠበስ ኖራለች። አሁን በሚቀጥለው ከተማ የራሷ የምትሆን ክፍል በኪራይ አግኝታለች፤ ትልቅ መስኮት ያለው፣ መንገድ ዳር። የክፍሉ ባለቤት ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «እስከ ዛሬ ማታ ምድጃሽ ካልገባ ለጫማ ሻጩ እሰጠዋለሁ» ብሏታል። ጫማ ሻጩ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆሟል አሉ።

ምድጃው ተሳቢዋ ላይ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል። ተሳቢዋን የምትጎትተው ሦስቱ ወንድምና እህት በየተራ የሚነዷት አሮጌ የመስክ መኪና ናት፤ ከእህቲቱ በዕድሜ ትበልጣለች፣ በጸባይም ትከፋለች። ከከተማው መውጫ ላይ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ አለ። መብራት የሌላትን ተሳቢ ጣቢያው አያሳልፍም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይቆለፋል። እንግዲህ ዳቦ ቤቱ ያለው በቴስተር አምስት ሽቦዎች ጫፍ ላይ ነው።

ተሳቢዋን ያሳመራት ታላቅ ወንድማቸው ነው። ሙያው ቀለም ቀቢነት ነው፤ ሁለቱም «ወንድም ጋሼ» ይሉታል። ያልተቀባ ነገር ሲያይ አንጀቱ አይችልም። ቤቱ ውስጥ የመዶሻው እጀታ ሳይቀር ተቀብቷል። የመኝታ ቤቱን መስኮት ማጠፊያ አሳምሮ ከቀባው ወዲህ መስኮቱ ተከፍቶ አያውቅም። ተሳቢዋን ትናንት ከላይ እስከ ታች ብርማ ቀለም አልብሷት፣ አሁን እንደ አዲስ ማንኪያ ታበራለች። እሱ ግን ስፕሬዩን በእጁ እንደያዘ ይዞራታል። «የቀረ ነገር ካለ ብዬ ነው» ይላል።

«ግራ ፍሬቻ» አለ ቴስተር።

ግራው እንቅልፍ እንደያዘው ዓይን ፈዞ በራ። ቀኙም ምን ጎደለብኝ ብሎ አብሮት መጥቀስ ጀመረ።

«አጥፊው። የኋላውን መብራት አብሪ። አሁን ፍሬን እርገጪ።»

ረገጠች። የኋላው መብራት ጠፋ። ስትለቅ ተመልሶ መጣ።

ቴስተር ፈገግ አለ። በሽታውን ያውቀዋል። ከባትሪ የወጣ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ መመለስ አለበት፤ መመለሻ መንገዱ ከተዘጋበት በሩ እንደተቆለፈበት ሰው በጎረቤት አጥር ይዘላል፤ የግራው በቀኙ አምፖል በኩል ሾልኮ ይሄዳል። መመለሻው ነጩ ሽቦ ነው። ሽቦው ከተሳቢዋ ሆድ ስር በብሎን ከብረቱ ጋር ይታሰራል። በጀርባው ተንሸራቶ ገባ፣ ብሎኑን ፈታ፣ የብሎኑን ቦታ እርቃኑን ብረት እስኪመስል በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ብረቱ ጠርቶ አብለጨለጨ። ከዚያ ለሽቦው ጫፍ አዲስ ቀለበት ሊያመጣ ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው የሥራ ክፍሉ ሄደ። ያሉትን ቀለበቶች ሁሉ አንድ በአንድ ስለሚሞክር ትንሽ ቆየ።

ተመልሶ መጣ፣ እያብለጨለጨ የጠበቀው ብረት ላይ ሽቦውን አሰረ፣ አጠበቀ።

«ግራ ፍሬቻ።»

ያው ጭፈራ።

«በደንብ አልፈገፈግኩትም ማለት ነው» አለ ለራሱ። ፈታው፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እስኪገባ ፈገፈገው፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ ፍለጋ ሄደ፣ መጣ፣ አሰረ።

«ፍሬን።»

የኋላው መብራት ድርግም።

«ልናገር?» አለች እህቱ ከውስጥ።

«አትናገሪ አልኩሽ። እርገጪ።»

ቴስተር እዚህ ላይ መንገዱን ሳተ። ኔጋቲቩን ሁለቴ አጽድቷል፣ በዓይኑ አይቷል፤ እንግዲህ ጥፋቱ እዚያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በገዛ ሥራው ላይ ዘመተበት። አምፖሎቹን በሙሉ ቀየረ። የአምፖሎቹን ማቀፊያ ነቅሎ መለሰ። በመጨረሻ ጠዋት በስታኞ ያጣበቃቸውን አምስቱን ጫፎች አንድ በአንድ ቆረጣቸው፤ የገዛ ልጁን ጸጉር እንደሚላጭ ሰው ፊቱን እያዞረ።

ወንድም ጋሼ ስፕሬዩን እየነቀነቀ መጣ። «ምነው አንተ ልጅ፣ እስካሁን? እኔ ተሳቢ ሙሉ ቀብቼ እጄን ታጥቤያለሁ።»

«የአንተ ሥራ አልበራ ቢል ማን ያውቅብሃል?»

«የእኔ ሥራማ ያለ ባትሪ ነው የሚያበራው።»

እህቲቱ ስልክ ላይ ነበረች። «እየመጣሁ ነው እኮ … አዎ፣ ተጭኗል … ሜትር ይዞ ምን ያደርጋል? … ኧረ መደርደሪያ እንዳይሰቅል በሉት።» ስልኩን ዘጋችና መሪው ላይ ግንባሯን አሳረፈች። ጫማ ሻጩ ግድግዳውን መለካት ጀምሯል።

ቴስተር ይህን ሰማ። መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ጣለው። ከዚያ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ተናገረ።

«እህቴ፣ አላውቀውም። ምን እንደነካት አላውቅም። ለባለቤቱ ደውዪና … ለነገ ይሁንልኝ በይው።»

እህቱ በሩን ከፍታ ወረደች። ከጠዋት ጀምሮ ስለተቀመጠች እግሯ ደንዝዟል፤ የመኪናዋን ጎን ይዛ ቆመች።

«አሁን መናገር ይፈቀዳል?»

«ተናገሪ።»

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። አንተ ፈግፍገህ ስትሄድ ወንድም ጋሼ ከስር እየገባ ያንኑ ቦታ የሚቀባው ለምንድን ነው? ሁለቴ በስፖኪዮው አይቼዋለሁ። እኔ የሥራው ክፍል መስሎኝ።»

ቴስተር ቀስ ብሎ ወደ ወንድሙ ዞረ። ወንድም ጋሼ ስፕሬዩን ከኋላው ደበቀ።

«ባዶ ብረት ትተህ ሄድክ» አለ። «ነገ ይዝጋል። ሰው ‹እነዚህ ቀቢ የላቸውም ወይ› ይላል።»

«ሁለተኛውንስ?»

«ሁለተኛውን፣ ተልጦ ሳገኘው የመጀመሪያው ያልያዘ መሰለኝ። ደህና አድርጌ ደረብኩበት።»

ቴስተር ከተሳቢዋ ስር ገብቶ ብሎኑን ፈታና በጥፍሩ ጫረው። ጥፍሩ ላይ ብርማ ልጣጭ ቀረ። ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ነው፤ ከጠራ ብረት ጋር አንድ ዓይነት ነው የሚያብለጨልጨው።

«ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም!»

«ዝገትስ ያሳልፋል?»

እውነቱን ነው። ዝገትም አያሳልፍም።

«ሁለታችሁም ዝም» አለች ጋጋሪዋ። ድምጿ ሊጥ የሚያቦካ ክንድ ያላት ሰው ድምጽ ነበር። «አንተ ትፈገፍጋለህ፣ ሽቦውን ታስራለህ፣ ታጠብቃለህ፣ እጅህን ታወጣለህ። እጁ ሲወጣ ወንድም ጋሼ አንተ ከላዩ ትቀባለህ። ከዚያ በፊት አይደለም። አሁን እዚያ መሪው ኋላ ገብተህ ተቀመጥ። እርገጥ ሲሉህ ብቻ ትረግጣለህ።»

«እኔ?» አለ ወንድም ጋሼ።

«ምንም እንዳትናገር።»

ቀሪው ሩጫ ነበር። የተቆረጡት አምስት ጫፎች እንደገና ተገፈፉ፣ ተጠመዘዙ፣ ስታኞ ቀመሱ። ቴስተር አንዱን ሽቦ በመሞከሪያ አምፖሉ ሊነካ ሲል እህቱ አምፖሉን ከእጁ ነጥቃ ኪሷ ከተተችው። ጊዜ የለም። ያለ ሙከራ ናስትሮ ሲጠቀልል ዓይኑን ከኪሷ አልነቀለም። ብሎኑን አጠበቀ፣ እጁን አወጣ። ወንድም ጋሼ ከመሪው ወርዶ፣ በክብር ተንበርክኮ፣ ከላዩ ቀባው።

አንድ ጊዜ እንኳ ፍሬን ሳይሞክሩ ወደ ጣቢያው ሄዱ። ቴስተር መንገዱን ሁሉ ከኋላ ወንበር ወደ ኋላ ዞሮ ተሳቢዋን ሲያይ ነበር።

መርማሪው በሩን ሊቆልፍ ቁልፉን አውጥቷል። ፊቱ እንደ ሰኞ ጠዋት ነው። ተሳቢዋን ዞራት።

«ግራ» አለ። ግራው ብቻ በራ። «ቀኝ።» ቀኙ ብቻ በራ። ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ። «ፍሬን።»

እህቱ ረገጠች። ሁለቱ ቀይ መብራቶች ያለ አንዳች ማመንታት ቦግ አሉ፤ የኋላው መብራትም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ቴስተር አሁንም ዓይኑን አላመነም። «እንደገና ያስረግጧት» አለው መርማሪውን።

«ለምን? ሠርቷል እኮ።»

«ለእኔ ብለው።»

መርማሪው አስረገጣት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሽቦው የታሰረበትን ብሎን ሲነካ ጣቱ ብርማ ሆኖ ተመለሰ። ጣቱን አየው፣ ወንድም ጋሼን አየው።

«ይደርቃል» አለ ወንድም ጋሼ። «አሁን ካልነኩት።»

መርማሪው ጣቱን በመሐረቡ እየጠረገ አሳለፋቸው።

ወንድሞቹ እዚያው ወርደው በእግራቸው ተመለሱ፤ እህቲቱ ምድጃዋን ይዛ ሄደች። ስትደርስ ጫማ ሻጩ የመጀመሪያውን መደርደሪያ ሰቅሎ ነበር። ዛሬ ያ መደርደሪያ ዳቦ ይደረደርበታል። ሰውየው ራሱ የጠዋት ደንበኛዋ ነው፤ ሁልጊዜ ሲገባ መደርደሪያውን አየት አድርጎ ይተነፍሳል ትላለች።

ቴስተር ግን እንቅልፍ የለውም። እህቱ በያንዳንዱ ሳምንት ዱቄት ልትጭን በዚያው መንገድ፣ በዚያችው መኪና፣ ያንኑ ተሳቢ እየጎተተች ትመላለሳለች። የኋላ አምፖሎቹ መብራት አለመብራታቸውን ግን፣ ነጂ የገዛ ጀርባውን ስለማያይ፣ ልትነግረው አትችልም። ታሪኩ እንደሚጻፍ ሲሰማ ለእናንተ አንድ ነገር እንድነግርለት አደራ ብሎኛል። የሚለው ይህን ነው፤

«መንገድ ላይ ብርማ ተሳቢ የምትጎትት አሮጌ የመስክ መኪና ከፊታችሁ ካገኛችሁ ቶሎ አትለፏት፣ ጡሩምባም አታብዙባት። ፍሬን እስክትይዝ ትንሽ ከኋላዋ ቆዩልኝ። ሁለቱም ከበሩ ሂዱ፣ መንገዱ ይቅናችሁ። አንዱ ከጠፋ ደውሉልኝ። ለእኔ ነው ታዲያ የምትደውሉት። ለወንድም ጋሼ እንዳትነግሩት፤ ስፕሬዩን ይዞ ይቀድመኛል።»