ገመድ የሚፈቅድ ደሴት

የሥራ ባልደረቦቹ ቡሽ ይሉት ነበር። ግድቡ ውስጥ ምንም ያህል ቢቆይ ተመልሶ ብቅ ስለሚል ነው። በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር።

ቡሽ ጠላቂ ነው። ጠላቂ ሲባል ሰው የሚታየው ሰማያዊ ባሕርና ባለ ቀለም ዓሣ ነው፤ የቡሽ ውሃ ግን ሌላ ነበር። ለከተማችን የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ግድብ ቡናማ ነው። ክንድህን እስከ ክርንህ ብትነክረው ጣቶችህ ይጠፉብሃል። ቡሽ ከግድቡ ሥር ወርዶ፣ የውሃ መውጫው ላይ ያለውን የብረት ፍርግርግ ከግንድ፣ ከፌስታልና ከጭቃ ያጸዳ ነበር። ሁሉን የሚሠራው በዳበሳ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ።

ለምን እንደሚጨፍን አንድ ቀን ጠየቅሁት።

"ከፍቼው ምንም ካላየሁ ያስፈራኛል" አለኝ። "ከጨፈንኩት ግን የጨፈንኩት እኔ ነኝ።"

ከላይ፣ ከግንቡ ጫፍ ላይ፣ ባለቤቴ ይቆማል። የቡሽ ገመድ ያዥ ነበር። የገመዱ አንድ ጫፍ ቡሽ ወገብ ላይ፣ ሌላው ባለቤቴ እጅ ውስጥ ነው። ወሬያቸውም በእሱ ነው። ቡሽ አንድ ጊዜ ከሳበ ደህና ነኝ ማለቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሳበ ልቀቅልኝ፤ ሦስት ጊዜ ከሳበ አውጣኝ። ባለቤቴ ከላይ አንድ ጊዜ ሲስብ ደግሞ ደህና ነህ ወይ ማለቱ ነው። ቡሽ በወጣ ቁጥር ባለቤቴ ያቺኑ አንዲት ጥያቄ ይጠይቀዋል።

"ምን አየህ?"

"ጨለማ። አንተስ?"

"ገመድ።"

ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ወጣት ሆነው የጀመሯትን ቀልድ ጸጉራቸው እስኪሸብት አልሰለቿትም። እኔን አንድም ቀን አላሳቀችኝም።

ባለቤቴ አምና አረፈ። ልቡ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር ነበር። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መሥሪያ ቤቱ ለቡሽ ሌላ ገመድ ያዥ መደበለት፤ ጠንካራ፣ ትጉህ ሰው ነበር አሉ። ቡሽ የመጥለቂያ ልብሱን ለበሰ፣ ገመዱን ታጠቀ፣ መሰላሉ ላይ ቆመ። ቆመና ቆመና ተመልሶ ልብሱን አወለቀ። ጆሮዬን አሞኛል አለ። በሌላው ጊዜም ጆሮውን አመመው። በመጨረሻ ጡረታ ጠየቀ።

ሲሸኙት የሥራ ባልደረቦቹ አዋጥተው ለሁለት ሰው የሚሆን የመጥለቅ ሽርሽር ሸለሙት። ሞቃት አገር፣ ደሴት ላይ። ደሴቱን ግን አንተው ምረጥ አሉት። ነገሩ የከበደው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ መነጽር ቤት የምትሠራው ልጁ ደወለችልኝ። "እትዬ፣ በሞቴ ይምጡና ይገላግሉኝ። አባዬ ደሴት ምረጥ ቢሉት ሙሽራ የሚመርጥ ይመስል ሊያሳብደኝ ነው።"

ስሰፋው የነበረውን መጋረጃ የስፌት መኪናው ላይ ትቼ ሄድኩ። ቤታቸው ከእኛ ጀርባ ነው። ልጅቱ ኮምፒውተሯን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍታለች፤ ቡሽ ከጎኗ፣ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሰው ተቀምጧል።

"ይህቺን ይዩ እትዬ" አለች። "እዚህ አውቶቡስ የሚያክል ዓሣ አለ። ሰው አይነካም። አጠገቡ እየዋኙ ፎቶ ይነሳሉ።"

"አውቶቡስ ለማየት ከመናኸሪያ ምን አራቀን?" አለ ቡሽ።

"እሺ ይህቺኛዋ። የሰጠመ መርከብ አላት። ውስጡ ይገባል።"

"ዕድሜ ልኬን ዝገት ስፈቀፍቅ ኖሬ አሁን ደግሞ ለዕረፍት ዝገት?"

"ይኸውልዎት!" አለችኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ። "ሰባራ ሰበብ የሚያጣ ሰው አይደለም።"

ሦስተኛዋን ያሳየችው ተስፋ ቆርጣ ነው። ትንሽ ደሴት ናት፤ ጥቂት ጎጆ፣ አንድ ጀልባ ማሰሪያ። ፎቶው ላይ ጀልባ አለ፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ግን የለም። ጀልባው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጥላው ከታች አሸዋው ላይ ተኝቷል።

ቡሽ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለ። ከዚያ ጣቱን ዘርግቶ ጥላውን ነካው።

"ፎቶውን ነካክተውት ነው" አለ።

"ኧረ አባዬ፣ ውሃው ነው እንዲህ።"

"ውሃ እንዲህ አይሆንም" አለ፤ ድምፁ ግን እንዲሆንለት የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር።

ልጅቱ ሻይ ልታፈላ ስትነሳ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ፣ ጆሮዬን አሞኝ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ" አልኩት።

"ያለ ገመድ አልወርድም። እነዚህ ሁሉ ያለ ገመድ ነው የሚወርዱት፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው። አስቀድሜ ጠይቄአለሁ።" ዓይኑን ከጀልባው ጥላ አላነሳም። "ግን ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላይ ብሞት፣ ዕድሜዬን ሙሉ የት ስመላለስ እንደኖርኩ ሳላውቅ መሞቴ ነው።"

ልጅቱ ይህን ከወጥ ቤት ሆና ሰምታለች መሰለኝ፤ ተመልሳ ስትመጣ ሻይ አልያዘችም። ስልኳን አነሳችና በሦስቱም ደሴቶች ላይ ጠላቂ ለሚያስተናግዱት ቤቶች አንድ በአንድ ትደውል ጀመር፤ እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ።

ዓሣው ያለበት ደሴት ላይ ያነሳው ሰው ሳቀ። "ገመድ? ለጀልባ ነው ገመድ። አባትሽ ጀልባ ናቸው እንዴ?"

"አይ፣ ቡሽ ነው" ብላ ዘጋችበት።

መርከቡ ያለበት ደሴት ላይ ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች፤ ደንባችን አይፈቅድም አለች፤ ሁለት ጊዜም ይቅርታ ጠየቀች። ቡሽ ቀና ብሎ ግድግዳውን ማየት ጀመረ።

ትንሿ ደሴት ላይ ስልኩ ብዙ ጠራ። በመጨረሻ የሸመገለ፣ የሻከረ ድምፅ አነሳ። የቤቱ ባለቤት ራሱ ነው። ልጅቱ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳችው። ሰውየው አልሳቀም፤ ደንብም አልጠቀሰም።

"ማን ነው የሚይዝላቸው?" ብሎ ጠየቀ።

ልጅቱ አባቷን አየች። ቡሽ ጠረጴዛውን አየ።

"ሰምታችሁኛል?" አለ ድምፁ። "እኔም መርከብ ሥር ገብቼ ስፈቀፍቅ ነው ያረጀሁት። ወንድሜ ነበር የሚይዝልኝ። ገመዱ ችግር የለውም፤ አሸዋማ ቦታ አለን፣ ድንጋይ ላይ አይጠመጠምም፤ ጥልቅም አይደለም። እኔ ራሴ አብሬያቸው እወርዳለሁ። ግን ያዡን ይዛችሁት ኑ። ያዥ ከዚህ አልሰጥም።"

"እኔ እይዛለሁ" አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። በሕይወቴ ከመጋረጃ ክር በቀር የያዝኩት ነገር የለም። ቡሽ ቀና ብሎ አየኝ።

ልጅቱ ነች ቀድማ የተናገረችው። "እንግዲህ የዋና ልብስ ገዝቼ ነበር፤ መታጠቢያ ቤት እለብሰዋለሁ። የኔን ቦታ ይውሰዱት እትዬ።"

የባለቤቴን ገመድ ከቁም ሳጥኑ ታች አወጣሁት። መሥሪያ ቤቱ ከዕቃዎቹ ጋር የላከልኝ ነው፤ እስከዚያ ቀን አልፈታሁትም። እሱ የሚይዝበት ቦታ ሐር መስሎ ልሟል። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ልምምድ ሆነ። ቡሽ ወገቡን ታስሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቤታቸውን በዳበሳ ይዞራል፤ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ እይዛለሁ። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አጮለቁ።

"ሊያመልጥ ነው እንዴ?" አለች አንዷ።

"ገና ልለቀው ነው" አልኳት።

መጀመሪያ ላይ አጥብቄ እይዝ ነበር። "አንቺ፣ ፍየል እየጎተትሽ አይደለም" ይለኛል ከጓሮ። ቀስ በቀስ ገባኝ። ክር ነው። ከላላ ይቋጠራል፣ ከተወጠረ ይበጠሳል፤ እጅ ራሱ ያውቀዋል። አንድ ማታ ገመዱን ይዤ ቆሜ፣ ቡሽ ከቤቱ ጀርባ አንድ ጊዜ ሲስብ፣ ባለቤቴ በየቀኑ ወጥቶ ሲገባ እጁ ምን ይሰማው እንደነበር አወቅሁ። ሰው ነው የሚሰማህ። ሳታየው።

ደሴቷ ላይ የደረስን ዕለት ወደ ጀልባ ማሰሪያው ስንወርድ ሁለታችንም ቆምን። ፎቶውን አልነካኩትም። ጀልባው አየር ላይ ነበር። ጥላው ታች አሸዋው ላይ፣ ሸርጣን ጥላውን አቋርጦ ሲሄድ እግሮቹ ይቆጠሩ ነበር። አፌን በእጄ ያዝኩ። እግዜር ይህን ሁሉ ፈጥሮ፣ ከፈጠረው በኋላ በመስታወት የሸፈነው ይመስላል። ቡሽ ተንበርክኮ እጁን እስከ ክርኑ ነከረና ጣቶቹን አያቸው። አንድ በአንድ አንቀሳቀሳቸው።

"አሉ" አለ።

የመጥለቂያ ቤቱ ባለቤት ጥቁር፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ ሽማግሌ ነው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ፈተሸው፤ የላመው ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አልጠየቀኝም። የቡሽን የአየር ሲሊንደር አስተካክሎ አብሮት ወረደ።

እኔ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለቀቅሁለት። ባለቤቴ በዘመኑ ያላየውን እያየሁ ነበር፤ ቡሽ ከእግሬ ሥር፣ በብርሃን ውስጥ፣ ቀስ እያለ ሲወርድ። ቢጫ ዓሦች እንደ ተበተነ አዝራር ዙሪያውን ከበቡት። እሱ ግን ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አሸዋውን ይዳብሳል። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ፍርግርግ የሚፈልግ ይመስል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዓይኑን ጨፍኗል።

ያን ሁሉ መርጠን፣ ያን ሁሉ ተጉዘን። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ማን ይሰማኛል? በገመዱ ቋንቋ ደግሞ እይ የሚል ቃል የለም። ያለኝ አንድ ቃል ነው። አንድ ጊዜ ሳብኩ።

አንድ ጊዜ ሳበልኝ። ደህና ነኝ። እጁ ግን መዳበሱን አልተወም።

ሽማግሌው ያኔ ቀረብ አለው። ፊቱን አየና ነገሩን ያወቀ መሰለኝ። በጣቱ የመነጽሩን መስታወት አንኳኳ፤ የጎረቤት በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ቀስ ብሎ።

የቡሽ እጆች ቆሙ።

ብዙ ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። በዳበሳው ፈርተው የሸሹት ዓሦች እንኳ ተመለሱ። ሳብኩ፤ አልመለሰም። እንደገና ሳብኩ። ያኔ ቡሽ በቀስታ ጀርባውን ወደ አሸዋው አዙሮ ቀና አለ፤ ፊቱ ወደ እኔ ነበር። ከመስታወቱ በስተጀርባ ዓይኖቹ ተገልጠዋል። አየኋቸው። አንድ ጊዜ ሳበ።

ሲወጣ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ መነጽሩን አወለቀ። ሽማግሌው ወደ ሌላ አቅጣጫ ፊቱን አዞረ። ቡሽ ሲወጣ የሚጠየቀውን ጥያቄ አውቅ ነበር።

"ምን አየህ?" አልኩት።

ስለ ዓሦቹ የሚነግረኝ መስሎኝ ነበር። ስለ ብርሃኑ።

"ገመዱን" አለ። "ከወገቤ እስከ ጫፉ። እስከ እጅሽ ድረስ።"