ለሁለት ሰው አንድ ብስክሌት

ልጄ ምሕረት ባለፈው ሳምንት ከሥራ እንደገባች ስልኳን አስያዘችኝና "አባዬ፣ ከእነዚህ የቱ ይሻላል?" አለችኝ። አየሁት። የብስክሌት ኮርቻዎች ናቸው። አንዱ በስፖንጅ ያበጠ ነው፤ ሌላው መሐሉ ክፍት ነው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና ከቦንጋ ተነስተው፣ ዋጫ አድረው፣ እስከ ሚዛን በብስክሌት ሊሄዱ አስበዋል። ደመወዝ ያለው ሰው መኪና ሞልቶ ሳለ ለምን እንደሚደክም ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የመንገዱን ስም ስሰማ ቁጣዬ ጠፋ።

"ያበጠውን ተዪው" አልኳት። "ለስላሳ ኮርቻ የሚያታልለው ሱቅ ውስጥ ነው። ትንሽ እንደተሄደ ይሰምጥና ሥጋ ይቆነጥጣል። ጠንከር ያለውን ውሰጂ። ዋናው ቁመቱ ነው፤ ተረከዝሽን ታች ያለው ፔዳል ላይ ስታሳርፊ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት።"

"ይሄን ከየት አወቅህ?"

"ከጉልበቴ።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ትምህርቴን በልጅነቴ አቋርጬ የቀረውን ከእጄ ሥራና ካገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ ምክር ስጠየቅ ማሳጠር አይሆንልኝም። ያን ቀን ግን ሌላ ነገር ስለመጣብኝ አሳጠርኩ።

ኑረዲን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ከወሎ መጥተው ቦንጋ ሱቅ ከፍተዋል፤ ሱቁ እኔ አናጢነት ከምለማመድበት ቤት ፊት ለፊት ነው። እሱ ረጅም፣ እኔ አጭር። የአገሬውን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ሲናገር ወሎኛ ለዛ ስለነበረው የገበያ ሴቶች ጉዳይ ሳይኖራቸው ጠርተው ያስወሩት ነበር። ኑሪ እንለዋለን። ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ ስለምንም ነገር፣ እናቱ ሁለት ጊዜ እስክትጠራው ድረስ እናወራለን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አውቄአለሁ፤ ስለምንም ነገር እንደዚያ ያወራሁት ሰው የለም።

አንድ ኅዳር አባቱ ሱቁን ዘግተው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ወሰኑ። ኑሪ መቅረት ፈለገ። ዋጫ ላይ ሱቅና የቡና ንግድ የነበራቸው አጎት ነበሩት፣ ጋሽ ሰይድ። አባቱ አሰቡና "አጎትህ በራሱ አፍ እወስደዋለሁ ካለ ቅር፤ ካላለ ከዕቃው ጋር ትጫናለህ" አሉት። ጋሽ ሰይድ ደግሞ በመልእክተኛ የመጣ ጉዳይ ጆሯቸው የማይገባ፣ ዓይን ለዓይን ካልጠየቋቸው እሺ የማይሉ ሰው ናቸው። በዚያ ላይ በማግስቱ ከቀትር ሶላት በኋላ ቡናቸውን አስጭነው ወደ አዲስ አበባ ሊነሱ መሆኑ ተሰማ። እስኪመለሱ ኑሪ ወሎ ገብቷል።

መኪና አልተገኘም። ያለን የእኔ አንዲት አሮጌ ብስክሌት ናት። "ብቻህን ንዳት" ስለው "እሳቸው ፊት ብቻዬን አፌ ይተሳሰራል" አለ። ሁለት ሰው እንዳይጫንባት የኋላ ጎማዋ ደካማ ነው። ስለዚህ ሁለት ወንድማማች የሻይ ለቃሚዎች ሲያደርጉት ባየነው ዘዴ ተስማማን። አንዱ እየነዳ ይቀድማል፤ ሁለት ኮረብታ ካለፈ በኋላ ብስክሌቷን በስተቀኝ ካለ ዛፍ አስደግፎ በእግሩ ይቀጥላል። ሌላው በእግሩ መጥቶ ያገኛታል፣ ይነዳል፣ የመጀመሪያውን አልፎት ይሄድና እሱም በተራው ትቶለት ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ግማሽ መንገድ ያርፋሉ፤ ብስክሌቷ ግን አታርፍም።

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ጫኝ እኔ ነበርኩ፤ ቆጮውን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ውሃውን፣ የጎማ መንፊያውን፣ የዝናብ ላስቲኩን፣ ሁሉንም ከኋላ አሰርኩ። ኮርቻው ላይ የበግ ቆዳ አደረግሁ። ቁመቱን ለእሱም ለእኔም እንዲሆን መሐል ላይ አቆምነው፤ ይህ ማለት ለሁለታችንም አይሆንም ማለት ነው። በየተራው ብሎን መፍታት ሰዓት ይበላል ብለን እንዳንነካው ተማማልን።

ዉሽዉሽ ሳንደርስ ዝናብ ወረደ። ተራው የእኔ የእግር ነበር። ላስቲኩ ከብስክሌቷ ጋር ወደፊት ሄዷል፤ ራሴን የምከልልበት አጣሁ። በኋላ ሲርበኝ ቆጮውም ከፊት ነው። እሱ በተራው እሾህ ወግቶት እግሩ ሲደማ ያዘጋጀሁለት ጨርቅ እኔ ጋ፣ ብስክሌቷ ላይ ነበር። የበግ ቆዳው ደግሞ ውሃ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ሕፃን ከበደ፤ አውልቀን ጣልነውና የደረቀ የኮባ ቅጠል አጣጥፈን አሰርንበት። እሱ ተሻለ። የዚያን ቀን የተማርኩትን ለምሕረት ነግሬአታለሁ፤ የሰውነትሽ ነገር ከሰውነትሽ አይለይ። የሚበላውን ከኪስሽ፣ ከዝናብ የሚከልልሽን ከወገብሽ አድርጊ። ለብስክሌቱ የብስክሌቱን ዕቃ ብቻ ተዪለት። ደረቅ ካልሲ በፌስታል ቋጥረሽ ያዢ። ሳይርብሽ ብዪ።

መንገዱን ሙሉ የምንገናኘው ስንተላለፍ ብቻ ነበር። እኔ ከኋላው ስመጣ የካቴናውን ጩኸት ሰምቶ ሳይዞር ይጀምረኛል።

"ሰውዬ፣ ያቺን አህያ ከየት ሰረቅሃት?"

"ባለቤቷ ረጅም ነው፤ እግሩን እየጎተተ ከኋላ ይመጣል አሉ።"

"ረጅምስ ይደርሳል። አንተ ከፔዳሉ ጋር በመሰላል ነው የምትገናኘው።"

አልፌው እሄዳለሁ። ሳቁ ከኋላዬ ይቀራል። መንገዱ ዳር በምንጣፍ የተሰጣ ቡና ዝናቡ ቆሞለት ሲታፈስ ይሸታል፤ ጫካው ውስጥ ጉሬዛ ይጮኻል። ከፊቴ ዛፍ ተደግፋ ብስክሌቷን በማይበት ጊዜ ሁሉ ደስ የሚል ነገር ደረቴ ውስጥ ይገባ ነበር። ሰው ከፊትህ ሆኖ ስላንተ አስቦ ሲሄድ የሚሰማ ነገር ነው። አንድ ቦታ አንድ ገበሬ አጠገቧ ቆሞ አገኘሁት።

"ያንተ ናት?" አለኝ በካፊኖኖ።

"የእኔ ናት።"

"አንድ ረጅም ልጅ ጥሏት ሲሄድ አየሁት። ተጣልተው ይሆናል ብዬ እስኪታረቁ ልጠብቅ ቆምኩ።"

ዋጫ ሲቀርብ አንዲት ሻይ ቤት ላይ እሱን ደረስኩበት። ባለቤቷ የጋሽ ሰይድን መኪና ጠዋት ሲጫን አይታ መምጣቷን ነገረችን፤ ሊነሱ ነው አለች። ብስክሌቷን ለኑሪ ሰጠሁት።

"ከዚህ በኋላ ዛፍ የለም" አልኩት። "በቀጥታ ሂድ። እኔ በእግሬ እደርሳለሁ። አፍህ ቢተሳሰርም መኪናው ፊት ሄደህ ተኛ።"

"እሺ" አለ። ሄደ።

ብቻዬን ስሄድ ጉልበቴ አመመኝ። ያ መሐል ላይ የቆመ ኮርቻ ለእኔ ከፍ ይልብኝ ስለነበር በእያንዳንዱ ዙር እየተንጠራራሁ ነበር የምመታው። ጎንበስ ብዬ እያሸሁ ስሄድ አንድ መታጠፊያ አለፍኩ። ብስክሌቷ ዛፍ ተደግፋ ቆማለች።

መጀመሪያ የተሰበረች መሰለኝ። ጎማዋን ነካሁ፤ ደህና ነው። ካቴናዋ ደህና ነው። ከዚያ ኮርቻውን አየሁት። ዝቅ ብሏል። ብሎኑን ፈትቶ፣ በእኔ ቁመት አድርጎ፣ አጥብቆ አስሮታል። መንገዱን ሙሉ ሰዓት ይበላብናል ብለን ያልነካነውን፣ ሰዓት በጠፋበት በዚያች ደቂቃ ቁጭ ብሎ ለእኔ ዝቅ አደረገው። ወጣሁባት። እግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልኩን አገኘ፤ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም።

ስደርስበት እየሮጠ ነበር።

"ምን ነካህ?" ብዬ ጮኽኩበት።

"ሻይ ቤቱ ጋ ስትቀመጥ አየሁህ። እግርህ አይታጠፍም።"

"አጎትህ ይሄዳሉ እኮ!"

"ይሄዱ ይሆናል" አለ፣ ሩጫውን ሳያቆም። "አንተ ከኋላ እያነከስክ እኔ ሱቅ ገብቼ ቅጠሩኝ ልል ነው?"

ወርጄ በግድ ብስክሌቷ ላይ አወጣሁት። ጉልበቱ አገጩን እየመታው፣ በዚያ ዝቅ ባለ ኮርቻ ላይ፣ እንደ ፌንጣ ሆኖ ሄደ። ዋጫ ስገባ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሱቁ ተዘግቷል። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ከመኪናው የወጣው ጭስ ገና አልጠፋም ሲሉ ሰማሁ። ኑሪ ቀና ብሎ አየኝና "ጉልበትህ እንዴት ነው?" አለኝ። አጠገቡ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ በዚያው ዘዴ፣ በየዛፉ እየተቀባበልን፣ ተመለስን። ኮርቻውን በየተራው ከፍ ዝቅ አደረግነው፤ የሚያስቸኩለን ነገር አልነበረምና። ቤተሰቡ ሲጫን ኑሪም ከዕቃው ጋር ተጫነ። አንድ ጊዜ በነጋዴ እጅ ሰላምታ ደረሰኝ፤ ማግባቱን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የለም። አሁን በስልክ ሰው ይፈለጋል ይላሉ፤ ምሕረት ሁለት ቀን ፈልጋልኝ ነበር። በስሙ ብዙ ሰው አለ፤ ማናቸውም እሱን አይመስሉም። ወይም ሁላችንም አርጅተናል።

ምሕረትና ሁለቱ ሴት ጓደኞቿ ዛሬ ጠዋት ሄዱ። ከመውጣታቸው በፊት ኮርቻዎቹን አንድ በአንድ ለካሁላቸው። አንደኛዋ ልጅ ገና ጀማሪ ናት፤ ሁለቱ ጠንካሮች ቀድመው ዋጫ ገብተው ምሳ ሊያዙ እንዳሰቡ ሰማሁ።

"ጠብቋት" አልኳቸው።

"አባዬ፣ እሷ ራሷ ሂዱ ብላናለች እኮ።"

"ትበላችሁ። ጠብቋት።"

ትክክል ነው የመከርኩት፤ እንደ አባት ሌላ ምክር የለኝም። ጓደኛ መንገድ ላይ አይጣልም። ግን ልጆች በሌሉበት፣ እዚህ ደጄ ላይ ተቀምጬ እውነቱን ልናገር። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ስነግረው "እንዴት ያለ ወዳጅ ነው" ይለኛል። ነው። እኔ ግን ያቺን ብስክሌት ዛፍ ተደግፋ ባላገኛት ይሻለኝ ነበር። ያን መታጠፊያ ሳልፍ ባዶ መንገድ ባየሁ፣ እያነከስኩ ዋጫ በገባሁ፣ እሱም ከአጎቱ መደርደሪያ ጀርባ ቆሞ "አጭሬ፣ ዘገየህ" ባለኝ። ዋጫ ሩቅ አይደለም። በገበያ ቀን እየሄድኩ አብረን ባረጀን ነበር።